የሞተሪኖ ኮንታክተር ብልሽት በግል በተሠሩ አውሮፕላኖች

የሞተሪኖ ኮንታክተር ከባትሪ ወደ ሞተር ማስነሻ ወይም ሞተሪኖ የሚሄደውን ከባድ የኤሌክትሪክ ፍሰት በትንሽ ፍሰት ትእዛዝ የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ኤሌክትሮማግኔታዊ ማብሪያ ነው። መካኒኮች ሶሌኖይድ ወይም ሪሌይ እያሉም ይጠሩታል። በመኪና፣ በትራክተርና በጀልባ ላይ የሚገኘው ዕቃ በትንንሽ የፒስተን ሞተር አውሮፕላኖችም ላይ አለ። ግለሰቦች በጋራዣቸው ወይም በሃንጋራቸው በሚሠሯቸው አውሮፕላኖች ላይ ግን መላ ፍለጋው የራሱ መልክ አለው፤ ምክንያቱም ሽቦውን የዘረጋው፣ ዕቃውን የመረጠውና ብልሽቱን የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ነው።

ኮንታክተር በሁለት ተቃራኒ መንገዶች ይበላሻል። አንዱ ሲታዘዝ አለመገናኘት ሲሆን ሌላው ሲታዘዝ አለመለያየት ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላኑን ከመሬት ሳይነሳ ያስቀረዋል። ሁለተኛው ማንም ያላዘዘውን ፕሮፔለር ያሽከረክራል። በሌላ በኩል በኮንታክተር ከሚሳበቡት ችግሮች ብዙዎቹ የእርሱ አይደሉም፤ የደከመ ባትሪ፣ የላላ ገመድ ወይም የዛገ ማሳ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ።

አሠራር

በውስጡ ያለው ነገር ጥቂት ነው፦ ብዙ ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ፣ በጥቅሉ መሐል የሚንሸራተት የብረት ዘንግ፣ በዘንጉ ጫፍ ላይ የተቀመጠ የመዳብ ዲስክ፣ ዘንጉን የሚመልስ ሞላ፣ እና ወደ ውጭ የወጡ ሁለት ወፍራም ቡሎኖች። አብራሪው ቁልፉን ሲያዞር ወይም አዝራሩን ሲጫን ከ3 እስከ 5 አምፔር የሚሆን ፍሰት በጥቅሉ ያልፋል። ጥቅሉ ማግኔት ሆኖ ዘንጉን ይስባል፣ ዲስኩም ሁለቱን ቡሎኖች ያገናኛል። ከውጭ የሚሰማው «ቋ» የሚል ድምፅ ይኸው የዘንጉ መምታት ነው። ቁልፉ ሲለቀቅ ሞላው ዲስኩን ገፍቶ ይለየዋል።

በዲስኩ የሚያልፈው ፍሰት ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ባለ 4 ሲሊንደር የአውሮፕላን ሞተር ሲነሳ እንደ ሞተሪኖው ዓይነት ከ150 እስከ 300 አምፔር ሊጠይቅ ይችላል። በመጀመሪያዋ ቅጽበት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል፤ ሞተሪኖው ገና መዞር ስላልጀመረ ፍሰቱን የሚገታው የሽቦው ተቃውሞ ብቻ ነው። ሞተሪኖው መዞር ሲጀምር ራሱ ተቃራኒ ቮልቴጅ ማመንጨት ስለሚጀምር ፍሰቱ ይቀንሳል። የኮንታክተሩ ዕድሜ የሚወሰነው በአብዛኛው በዚህችው በመጀመሪያዋ ቅጽበትና በመለያያዋ ብልጭታ ነው።

በገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ኮንታክተሮች አሉ። ከውጭ ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ ገዢን ያሳስታሉ። አንደኛው ለአጭር ጊዜ ሥራ የተሠራ ነው። ጥቅሉ ብዙ ፍሰት ስለሚወስድ ዲስኩን በኃይል ይጫናል፣ ነገር ግን ለደቂቃዎች ከተያዘ ይግላል። ሁለተኛው ለተከታታይ ሥራ የተሠራ ሲሆን ጥቅሉ ከ1 አምፔር ባነሰ ፍሰት ለሰዓታት ይቆያል። ይህ ዓይነቱ ለባትሪው ዋና መቆራረጫ ተስማሚ ነው፤ የመጫን ኃይሉ ደካማ ስለሆነ ግን ለሞተሪኖ ሲውል መገናኛዎቹ ቶሎ ይቃጠላሉ። በቴስተር ሲለካ የመጀመሪያው ጥቅል ከ3 እስከ 5 ኦም፣ የሁለተኛው ደግሞ 15 ኦም አካባቢ ስለሚያሳይ መለየቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

በግል የሚሠራ አውሮፕላን ልዩነት

በአሜሪካ ሕግ «ለሙከራ፣ በአማተር የተሠራ» የሚባለው ምድብ አብዛኛው ሥራው ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ሲሉ በሠሩት ሰዎች የተከናወነ አውሮፕላንን ያካትታል። የእነዚህ ሠሪዎች ትልቁ ማኅበር፣ የሙከራ አውሮፕላን ማኅበር፣ እ.ኤ.አ. በ1953 በፖል ፖበሬዝኒ መሥራችነት በዊስኮንሲን ተቋቋመ። ሠሪው ሲፈቀድለት የአውሮፕላኑን ዓመታዊ ፍተሻ ራሱ ማካሄድ ይችላል።

በፋብሪካ የተሠራ አውሮፕላን የጸደቀ የዕቃ ዝርዝርና የሽቦ ንድፍ አለው። በግል የተሠራው እነዚህ ያሉት ሠሪው ካዘጋጃቸው ብቻ ነው። ከአንድ ኪት የተገጣጠሙና ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት አርቪ አውሮፕላኖች የተለያየ ሽቦ ሊኖራቸው ይችላል፤ በአንዱ ላይ ከፎርድ መኪና የተወረሰ ዓይነት ባለ አራት ተርሚናል ኮንታክተር፣ በሌላው ላይ ባለ ሦስት ተርሚናል ይገኛል። የመጀመሪያ ሠሪው ሸጦት ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ባለቤት እጅ የገባ አውሮፕላን ከሆነ ደግሞ ንድፉ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መላ ፍለጋው መፍቻ ከማንሳት በፊት ሽቦውን በዓይን ተከትሎ በወረቀት ላይ በመሳል ይጀምራል። ይህን እርምጃ የዘለለ ሰው ጊዜ የቆጠበ ይመስለዋል።

የአውሮፕላኑ አካል የተሠራበት ነገርም ለውጥ ያመጣል። የአሉሚኒየም አውሮፕላን አካሉን እንደ ማሳ ሊጠቀም ይችላል። በፋይበርግላስ የተሠሩት፣ ለምሳሌ የበርት ሩታን ንድፍ የሆነው ሎንግ-ኢዚ፣ ኤሌክትሪክ የሚመልስ አካል ስለሌላቸው ለመመለሻው ራሱን የቻለ ወፍራም ገመድ ይዘረጋላቸዋል። በሎንግ-ኢዚ ሞተሩ ከኋላ ሲሆን በብዙዎቹ ባትሪው አፍንጫው ውስጥ ስለሚቀመጥ ገመዱ የአውሮፕላኑን ርዝመት ደርሶ መልስ ይጓዛል።

ከፍተሻ በፊት

የአውሮፕላን ሞተር ከመኪና ሞተር የሚለይበት አንድ ነገር ለፍተሻው ወሳኝ ነው። ባህላዊው የአውሮፕላን ማቀጣጠያ ማግኔቶ ነው። ማግኔቶ ብልጭታውን ከባትሪ ሳይሆን ከራሱ መሽከርከር ያመነጫል፤ የሚጠፋውም ከቁልፉ የሚመጣ ሽቦ ከማሳ ጋር ሲያገናኘው ነው። ያ ሽቦ ከተበጠሰ ቁልፉ «ጠፍቷል» ቢልም ማግኔቶው በርቷል። ስለዚህ ሞተሪኖውን ማዞር የሚያካትት ማንኛውም ፍተሻ ሞተሩ ሊነሳ እንደሚችል ታስቦ ይከናወናል። የነዳጅ መዝጊያው ይዘጋል፣ የድብልቅ ማንሻው ወደ መቁረጫው ይሳባል፣ ማግኔቶዎቹ ይጠፋሉ፣ ጎማዎቹ ይታገዳሉ፣ ጭራው ይታሰራል፣ በፕሮፔለሩ ዙሪያ ማንም አይቆምም። ከእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ አንድ ካንዴላ ማውጣት ከሁሉ ይበልጥ አስተማማኝ ነው። ይሁንና ሲሊንደሮቹ አየር ስለማያምቁ ሞተሪኖው የሚወስደው ፍሰት ይቀንሳል፤ የሚነበበው የቮልቴጅ ኪሳራም ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል።

በአሮጌ መኪና ጋራዥ የተለመደ አንድ ዘዴ አለ፤ ቁልፉ እምቢ ሲል የኮንታክተሩን ሁለት ቡሎኖች በካቻቪቴ አገናኝቶ ሞተሩን ማስነሳት። በመኪና ላይ እንኳ የሚያቃጥል ብልጭታ የሚያወጣ ነገር ነው። በአውሮፕላን ላይ ግን ኮንታክተሩ ያለው ብዙውን ጊዜ በእሳት መከላከያው ግድግዳ ላይ፣ ከሞተሩ በስተጀርባ ስለሆነ ካቻቪቴውን የያዘው ሰው ከፕሮፔለሩ በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ይቆማል፣ በኮክፒቱም ውስጥ ሞተሩን የሚያጠፋ ሰው አይኖርም። ዘዴው በዚህ ሥራ ቦታ የለውም።

ምልክቶቹ የሚናገሩት

ቁልፉ ሲዞር ምንም ድምፅ ካልተሰማ ችግሩ በትንሹ ፍሰት መንገድ ላይ ነው። ፊውዙ፣ ቁልፉ ራሱ፣ ከቁልፉ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ፣ ጥቅሉ ወይም የጥቅሉ ማሳ ሊሆን ይችላል። ባለ ሦስት ተርሚናል ኮንታክተሮች ከሆኑ የመጨረሻው ቀድሞ መታየት አለበት። ብዙዎቹ ጥቅላቸውን በራሳቸው የብረት ቅርፊት በኩል ከማሳ ያገናኛሉ፤ ቀለም በተቀባ፣ ፀረ-ዝገት በተለበጠ ወይም በፋይበርግላስ ገጽ ላይ ከተሰቀሉ ማሳ አያገኙም። በጥቅሉ ተርሚናልና በኮንታክተሩ ቅርፊት መካከል፣ ከዚያም በጥቅሉ ተርሚናልና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ቁልፉ ተይዞ ሲለካ ሁለቱ ንባቦች ከተለያዩ የጠፋው ማሳ ነው።

በፍጥነት የሚደጋገም «ቋ ቋ ቋ ቋ» የደካማ ባትሪ ወይም የመጥፎ ግንኙነት ድምፅ ነው። ኮንታክተሩ ሲገናኝ ሞተሪኖው ፍሰቱን ይጎትትና ቮልቴጁ ይወድቃል፤ ጥቅሉ ዘንጉን መያዝ ያቅተዋል፤ ይለያያል፤ ጭነቱ ሲወርድለት ባትሪው ያገግምና እንደገና ይገናኛል። አብዛኛው ሰው ይህን ሲሰማ ኮንታክተሩ ሞተ ብሎ ያስባል። በዚያች ሰዓት ኮንታክተሩ ደህና ነው፤ የሚጎዳው ቁልፉ ተይዞ ሲቆይ ነው።

አንድ ጠንካራ «ቋ» ብቻ ተሰምቶ ሞተሪኖው ካልዞረ ደግሞ ዘንጉ ሥራውን ሠርቷል፤ የቀረው በወፍራሙ መንገድ ላይ ነው። የተቃጠለ ዲስክ፣ የላላ ዳዶ፣ ወይም የተበላሸ ሞተሪኖ ሊሆን ይችላል። ሞተሪኖው ቢዞርም ሲያዘግም የሚታየው ሁኔታ ከሁሉ ይበልጥ የተለመደውና ከሁሉ ይበልጥ ወደ ተሳሳተ ግዢ የሚመራው ነው። ባለቤቱ መጀመሪያ ባትሪ ይገዛል፣ ለጥቂት ቀናት የተሻለው ይመስለዋል፣ ከዚያ ሞተሪኖ ይገዛል፣ በመጨረሻ ኮንታክተር። ይህን ሁሉ ወጪ የሚያስቀረው ልኬት 20 ደቂቃ አይፈጅም።

ጭነት ላይ መለካት

በኦም መለኪያ የኮንታክተርን መገናኛ መፈተሽ ብዙ ሰው የሚሞክረው ነገር ነው፤ ውጤቱም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «ደህና ነው» ይላል። ቴስተሩ ለልኬቱ የሚልከው ፍሰት ከሚሊአምፔሮች አይበልጥም፤ የቴስተሩ ሽቦዎች ብቻቸውን 0.2 ወይም 0.3 ኦም ያሳያሉ። በሞተሪኖ መንገድ ላይ ችግር የሚፈጥረው ተቃውሞ ግን የኦም አንድ መቶኛ ነው። 0.01 ኦም በ200 አምፔር ሲባዛ 2 ቮልት ይሆናል። ከ12 ቮልት ባትሪ ላይ 2 ቮልት ሲጎድል ሞተሪኖው ያዘግማል፤ የጎደለው ኃይልም፣ ማለትም 400 ዋት፣ በኮንታክተሩ ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ቴስተሩ ያንን 0.01 ኦም ፈጽሞ አያየውም።

የሚያየው በቮልት ሲለካ ነው፤ ያውም ሞተሪኖው ሲዞር። የቴስተሩ አንድ ጫፍ በኮንታክተሩ የባትሪ ጎን ቡሎን ላይ፣ ሌላው በሞተሪኖ ጎን ቡሎን ላይ ይያያዛል። ቁልፉ ከመዞሩ በፊት ንባቡ የባትሪው ቮልቴጅ ነው፤ ሞተሪኖው ሲዞር ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት። ደህና ኮንታክተር 0.2 ቮልት አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ያሳያል። ግማሽ ቮልት ከደረሰ መገናኛዎቹ እየተቃጠሉ ናቸው፤ 1 ቮልት ካለፈ ኮንታክተሩ ጊዜው አልፏል። ጫፎቹ በቡሎኖቹ ራስ ላይ እንጂ በገመዱ መጨረሻ ባለው ቀለበት ላይ መያያዝ የለባቸውም፤ አለዚያ የላላ ዳዶ ኪሳራ በኮንታክተሩ ላይ ይቆጠራል። ንባቡን ከኮክፒት ሆኖ ለማየት መቆንጠጫ ያላቸው ረጅም ሽቦዎች ፊውዝ ተገጥሞላቸው ከፕሮፔለሩ ርቀው ይዘረጋሉ።

ይኸው ልኬት በመንገዱ ላይ ባለው በእያንዳንዱ ክፍል ይደገማል፦ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ባትሪ ኮንታክተሩ፣ በባትሪ ኮንታክተሩ ላይ፣ እስከ ሞተሪኖ ኮንታክተሩ፣ ከእርሱ እስከ ሞተሪኖው፣ በመጨረሻም ከሞተሪኖው ቅርፊት እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ፍሰቱ ወደ ሞተሪኖው የሄደውን ያህል መመለስ አለበትና በሞተሩና በአካሉ መካከል ያለው የማሳ ገመድ ከዛገ ውጤቱ ከተቃጠለ ኮንታክተር አይለይም።

ለምሳሌ ያህል ሞተሪኖው ሲዞር በባትሪው ላይ 10.6 ቮልት፣ በሞተሪኖው ላይ 8.9 ቮልት ቢነበብ 1.7 ቮልት በመንገድ ቀርቷል። ከባትሪው እስከ ሞተሪኖ ኮንታክተሩ ባለው ገመድና ግንኙነት 0.25፣ በባትሪ ኮንታክተሩ 0.1፣ በሞተሪኖ ኮንታክተሩ 1.0፣ ከእርሱ እስከ ሞተሪኖው 0.1፣ በማሳው 0.25 ከሆነ ድምሩ ልክ 1.7 ይመጣል፤ ጥፋተኛውም ያለ ክርክር ታውቋል። ድምሩ ካልገጠመ ያልተለካ ግንኙነት አለ ማለት ነው። ለገመዱ ራሱ የሚጠበቀውን ማስላትም ይቻላል፤ በአሜሪካ መለኪያ ቁጥር 2 የሆነ የመዳብ ገመድ በአንድ ሜትር ግማሽ ሚሊኦም ያህል ስላለው 4 ሜትሩ በ200 አምፔር 0.4 ቮልት ይወስዳል። ባትሪውን ከመቀመጫ ኋላ ያስቀመጠ ሠሪ ይህን ኪሳራ አስቀድሞ ተቀብሎታል፤ ኮንታክተር በመቀየር አያስመልሰውም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ባትሪው ራሱ ይለካል። በደንብ የተሞላና ያረፈ የሊድ-አሲድ ባትሪ 12.6 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ያሳያል። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9 ቮልት በታች ከወረደ የተቀሩት ልኬቶች ባትሪው እስኪሞላ ወይም እስኪቀየር ይቆያሉ።

የተበየደ መገናኛ

ኮንታክተር አገናኝቶ የሚቀርበት መንገድ ከላይ ከተጠቀሰው የ«ቋ ቋ ቋ» ድምፅ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። እያንዳንዱ መገናኘት የሞተሪኖውን ከፍተኛ የመነሻ ፍሰት ይሸከማል፣ እያንዳንዱ መለያየት ብልጭታ ያወጣል። ኮንታክተሩ በመደበኛ ማስነሳት ይህን አንድ ጊዜ ያደርጋል፤ በደካማ ባትሪ ግን በሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ ያደርገዋል፣ ያውም ቮልቴጁ ዝቅ ስላለ ዲስኩን በደካማ ኃይል እየተጫነ። የመዳቡ ገጽ ይቀልጣል፣ ዲስኩ በቀለጠው ላይ ይቀመጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይበየዳል። ሞላው ሊለየው አይችልም። «ምናልባት ይነሳ ይሆናል» ተብሎ በደከመ ባትሪ ቁልፉን ይዞ መቆየት ኮንታክተርን ለመበየድ ከሁሉ አጭሩ መንገድ ነው።

ሞተሩ በዚህ መሐል ከተነሳ ብልሽቱ ላይታወቅ ይችላል። የሞተሩ ድምፅ የሞተሪኖውን ድምፅ ይሸፍነዋል፤ ሞተሪኖው ከባትሪውና ከዲናሞው እየበላ መሽከርከሩን ይቀጥላል። ለሴኮንዶች ሥራ የተሠራ ዕቃ ለደቂቃዎች ሲሠራ ይግላል፣ ሽቦው ይቃጠላል፣ ባትሪውም ይራቆታል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሠሪዎች ከኮንታክተሩ የሞተሪኖ ጎን በፊውዝ በኩል ወደ ሰሌዳው የሚመጣ ቀይ መብራት ይገጥማሉ። ቁልፉ ተለቆ መብራቱ ካልጠፋ ሞተሪኖው ኤሌክትሪክ አልተቋረጠበትም። ከአንድ ሽቦና ከአንድ አምፖል ያለፈ ወጪ የሌለው ነገር ሆኖ ሳለ ያልተገጠመባቸው አውሮፕላኖች መኖራቸው ያስገርማል።

መብራቱ በርቶ ከቀረ የባትሪውም የዲናሞውም ማብሪያ ይጠፋል። የባትሪውን ብቻ ማጥፋት አይበቃም፤ እየዞረ ያለ ዲናሞ ራሱ ሞተሪኖውን ሊመግብ ይችላል። ሞተሩ በማግኔቶ ስለሚሠራ በዚህ አይቆምም፤ ማቀጣጠያቸው ወይም የነዳጅ ፓምፓቸው ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ሞተሮች ግን ይቆማሉ፤ ለእነርሱ ቅደም ተከተሉ በሠሪው አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

ከሁሉ የከፋው ገጽታ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አውሮፕላኑ ወደ ሃንጋር ይገባል፣ ዋናው ማብሪያ ይጠፋል፣ ሁሉም ጸጥ ይላል። በማግሥቱ አንድ ሰው የነዳጅ መጠን ለማየት ወይም ፍላፕ ለማውረድ ዋናውን ማብሪያ ያበራል። የሞተሪኖውን ቁልፍ ማንም አልነካም፤ ኮንታክተሩ ግን ከትናንት ጀምሮ ተገናኝቶ ነው ያደረው፤ ፕሮፔለሩ ወዲያው ይዞራል። ዋናው ማብሪያ ከመብራቱ በፊት የፕሮፔለሩ አካባቢ ባዶ መሆኑን ማየትና ጮክ ብሎ ማስጠንቀቅ ልማድ የሆነው እንዲህ ላለው አጋጣሚም ጭምር ነው።

የተበየደ ኮንታክተር በመዶሻ እጀታ መታ መታ ሲደረግ ሊለቅ ይችላል። ይህ ብልሽቱ የት እንዳለ ያረጋግጣል፤ ኮንታክተሩን ግን አያድነውም። አንድ ጊዜ የተበየደ መዳብ ገጹ ስለተቦረቦረ የሚነካካው በጥቂት ነጥቦች ብቻ ነው፤ የሚቀጥለው ብየዳ ሩቅ አይሆንም።

ኮንታክተሩ ያልበደለው

በክብደት ቀላል የሆኑት አዳዲስ ሞተሪኖዎች ብዙዎቹ ቋሚ ማግኔት ያላቸውና ጥርሳቸውን ወደ ፊት የሚገፋ የራሳቸው ሶሌኖይድ የተገጠመላቸው ናቸው። ሠሪው ሥራ ለማቅለል የዚህን ሶሌኖይድ ትእዛዝ ከሞተሪኖው ዋና ቡሎን ጋር በአጭር ሽቦ ካገናኘው እንግዳ ነገር ይታያል። ቁልፉ ሲለቀቅ ኮንታክተሩ በትክክል ይለያያል፤ ነገር ግን ገና እየዞረ ያለው ሞተሪኖ በማግኔቶቹ ምክንያት ጄኔሬተር ሆኖ ቮልቴጅ ያመነጫል፤ ያ ቮልቴጅ በአጭሩ ሽቦ ተመልሶ ሶሌኖይዱን ይይዘዋል። ጥርሱ ከሞተሩ የጥርስ ቀለበት ሳይለቅ ለጥቂት ሴኮንድ ይቆያል፣ የመፋጨት ድምፅም ይሰማል። ባለቤቱ ኮንታክተሩ ተጣበቀ ይላል፤ ቀይሮት ግን ድምፁ አይለወጥም።

ሁለቱን መለየት ይቻላል። በተበየደ ኮንታክተር የሞተሪኖው ቮልቴጅ ዋናው ማብሪያ እስኪጠፋ ድረስ በባትሪው ልክ ይቆማል። በዚህኛው ቮልቴጁ ከሞተሪኖው ፍጥነት ጋር እየወረደ በሴኮንዶች ውስጥ ይጠፋል። መፍትሔው አጭሩን ሽቦ አውጥቶ ለሶሌኖይዱ የራሱን የትእዛዝ ሽቦ መስጠት ነው፤ ባለ አራት ተርሚናሉ ኮንታክተር አራተኛው ተርሚናል ለዚህ ያገለግላል። ለአውሮፕላን ሠሪዎች «ዘ ኤሮኤሌክትሪክ ኮኔክሽን» የተባለውን መጽሐፍ የጻፈው ኢንጂነር ቦብ ነከልስ ይህን ጠባይ በሰፊው ካስረዱት አንዱ ነው።

ሌላው በከንቱ የሚወቀስበት ነገር የዳዮድ ስህተት ነው። የጥቅሉ ፍሰት ሲቋረጥ በውስጡ የተከማቸው ጉልበት በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሆኖ ስለሚመለስ የቁልፉን መገናኛ ይበላዋል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1993 በአንዳንድ የአውሮፕላን ቁልፎች ላይ ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለ መከላከያ ዳዮድ እንዲገጠም ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነበር። ዳዮዱ በጥቅሉ ሁለት ጫፎች መካከል ይገጠማል፤ ባለ መስመሩ ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ ጎን መሆን አለበት። ከተገለበጠ ቁልፉ እንደዞረ ፍሰቱ በጥቅሉ ሳይሆን በዳዮዱ ያቋርጣል፤ ፊውዙ ይቃጠላል ወይም ዳዮዱ ይፈነዳል። አዲስ ኮንታክተር ተገጥሞ በመጀመሪያው ሙከራ ፊውዝ ከተቃጠለ መጀመሪያ የሚታየው የዳዮዱ አቅጣጫ ነው።

መቀየር

ቅርፊቱ የተጨፈለቀ ኮንታክተር ተከፍቶ አይጠገንም፤ ይቀየራል። አዲሱ ለአጭር ጊዜ ሥራ የተሠራ፣ ጥቅሉም ከአውሮፕላኑ ቮልቴጅ ጋር የሚስማማ መሆን አለበት። ከማንኛውም ነገር በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል። ዳዶዎቹ ሲፈቱም ሲጠብቁም ከታች ያለው ዳዶ በሌላ መፍቻ ይያዛል፤ ቡሎኑ ራሱ ከዞረ ውስጡ ያለውን ግንኙነት ይሰብራል ወይም መከለያውን ይሰነጥቃል። እንዲህ በመጥበቅ የተገደሉ አዳዲስ ኮንታክተሮች ጥቂት አይደሉም። የጎማ ቆቦቹ ይመለሳሉ፣ ገመዱም ከግድግዳው ወይም ከሞተሩ ማቀፊያ ጋር እንዳይፋተግ ይታሰራል፤ በኮንታክተሩ የባትሪ ጎን ያለው ገመድ ዋናው ማብሪያ እስከበራ ድረስ ያለ ፊውዝ ሙሉ የባትሪ ኃይል የሚሸከም ነውና።

የተወገደው ኮንታክተር ከመጣሉ በፊት በመጋዝ ቢከፈት ብዙ ያስተምራል። ጠርዙ ብቻ የጠቆረ ዲስክ በዕድሜ ያለቀ ነው። በአንድ ቦታ ጉድጓድና የቀለጠ ጉብታ ያለው በደካማ ባትሪ ተደጋግሞ የተመታ ነው፤ ባትሪው፣ የመሙያው ሁኔታና ማሳው ካልታዩ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል። አረንጓዴ ዝገትና የውሃ ዱካ ከታየ ደግሞ ዕቃው የተሰቀለበት ቦታ ወይም አቅጣጫ ይለወጣል።

ከገጠማ በኋላ የሞተሪኖው ገመድ ሳይያያዝ ቁልፉ ይዞርና «ቋ» ማለቱና ሲለቀቅ መለያየቱ በቴስተር ይታያል። ከዚያ ገመዱ ተያይዞ ሞተሪኖው ከ10 ሴኮንድ ላልበለጠ ጊዜ ይዞራል፤ በኮንታክተሩ፣ በገመዶቹና በማሳው ላይ የተነበበው የቮልቴጅ ኪሳራ ከቀኑና ከተሠራው ሥራ ጋር በአውሮፕላኑ መዝገብ ላይ ይጻፋል። በሚቀጥለው ዓመታዊ ፍተሻ ያው ልኬት ሲደገም በኮንታክተሩ ላይ የነበረው 0.15 ቮልት 0.4 ሆኖ ከተገኘ፣ ሞተሩ ገና ያለ ችግር እየተነሳም ቢሆን፣ ተለዋጩ ይታዘዛል።